ውሃ የማያስገባ ቦቲና ጓንት ድሬ ላይ ከየት ይገዛል? እግሬ በሰበሰ

የሳቢያኑ ላቫጆ፦

ሰላም የድሬና የሐረር ልጆች።

ሳቢያን አካባቢ ላቫጆ ነው የምሠራው። አራት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ገብቼ ማታ 12 ሰዓት እወጣለሁ። ድሬ እኩለ ቀን ላይ ሱቋን ዘግታ ስትተኛ፣ እኛም ከ6 እስከ 9 ሰዓት ኒሙ ጥላ ሥር ጋደም እንላለን። ከዚያች ሰዓት በቀር እግሬ ውሃ ውስጥ ነው።

ጥያቄዬ አጭር ነው። ታሪኩ ግን ረዘም ስለሚል ቻሉኝ።

ዘንድሮ ብቻ ሦስት ቦቲ ገድያለሁ። የመጀመሪያው ጥቁር ነው። እስከ ጉልበት ይደርሳል፣ ያብለጨልጫል። በ850 ብር ገዛሁት። ሻጩ "አቦ፣ ይሄንን ለልጅህ ታወርሰዋለህ" ብሎኝ ነበር። ሁለት ወር አልቆየም። እግር ሲታጠፍ የሚጨማደደው ቦታ አለ አይደል፣ ከቁርጭምጭሚት ፊት ለፊት? እዚያ ላይ ፀጉር የምታክል መስመር ወጣች። መጀመሪያ ላብ ነው ብዬ ዝም አልኩ። አንድ ቀን ማታ ካልሲዬን ስጨምቀው አረፋ ወጣ። የኦሞ አረፋ። ላብ ደግሞ አረፋ የለውም።

ሁለተኛው ቢጫ ነበር፣ ርካሽ። ስለሱ ብዙ አላወራም። ሶሉ ልሙጥ ነው። ሳሙና የፈሰሰበት ሲሚንቶ ላይ አንሸራቶ ወገቤን ከአይሱዙ መርገጫ ጋር አጋጨኝ። እዚያው አውልቄ ወረወርኩት።

ሦስተኛው ነው የገረመኝ። ከሰልባጅ ነው ያገኘሁት። አረንጓዴ፣ ለስላሳ፣ እውነተኛ ጎማ። እግር ላይ ሲገባ ካልሲ ነው የሚመስለው። ጠብታ አያስገባም። አንድ ወር ሙሉ ንጉሥ ሆኜ ሰነበትኩ። ችግሩ፣ ከጅቡቲ መስመር የሚመጡት ሲኖትራኮች "ሞተሩም ይታጠብልን" ይላሉ። እኛ ጋ ሞተር የሚታጠበው በናፍጣ ነው። ናፍጣው ይረጫል፣ እግሬ ላይ ይወርዳል። ከዚያ ቦቲው ማበጥ ጀመረ። እውነቴን ነው፣ አበጠ። በጣት ሲጫኑት እንደ በሰለ ፓፓያ ስርጉድ ይላል። አሁን አፉ ላይ ተተርትሯል።

ጓንትም ያው ነው። ቢጫዋ የዕቃ ማጠቢያ ጓንት ሳምንት አትሞላም። የጣቷ ጫፍ ይቀደድና ውሃ ይገባል፤ የገባው ውሃ ደግሞ መውጫ የለውም። የበያጅ የቆዳ ጓንትም ሞክሬ ነበር። ውሃውን ጠጥቶ ጠጥቶ፣ ፀሐይ ላይ ሳሰጣው ቋንጣ ሆነ። ጣቴን ማጠፍ አቃተኝ።

የፌስታል መላም ሞክሬያለሁ። ካልሲ፣ ከላዩ ፌስታል፣ ከላዩ ቦቲ። ስራመድ ኮሽ ኮሽ እላለሁ፣ ደንበኛ ዞር ብሎ ያየኛል። ውሃው አልገባም፣ ግን በራሴ ላብ ተቀቀልኩ። ድሬ ናት እኮ።

አሠሪዬን ጠይቄ ነበር። "የራስህን አሟላ" አለኝ። ለመኪና ጎማ ማብለጭለጫ በጄሪካን ይገዛል፣ የእኛ እግር ጎማ ግን አይታየውም። ይሁን።

አሁን የትንሿ ጣቴ መሃል ነጭ ሆኖ ይላጣል። ያሳክካል። ይሸታልም፣ አልዋሽም። ባለቤቴ "ካልሲህን ደቻቱ ወንዝ ጥለኸው ግባ" ትለኛለች። እጄም ማታ ማታ ይሰነጣጠቃል።

እንግዲህ ንገሩኝ። ውሃም ናፍጣም የሚችል ቦቲ አለ? ስሙ ምንድን ነው? ቀፊራ ገበያ ልፈልግ፣ እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ልሂድ ወይስ ሐረር ልውጣ? ጓንቱስ? የመርጫውን ቃታ ጣቴ ላይ ልሰማው ይገባል፣ በጣም ወፍራም ከሆነ አይሆነኝም። ደግሞ ጥቁሩ ቦቲ እስካሁን አለ። ሊስትሮው ሁለት ጊዜ በማስቲሽ ለጠፈልኝ፣ ሁለቴም ተላጠ። ይጠገናል ወይስ ልርሳው?


የሐረሩ ቧንቧ ሠራተኛ፦

አቦ፣ ድሬ ውሃ ላይ ቆሞ "እግሬ ረጠበ" ብሎ የሚያማርር ሰው አየሁ። እኛ የሐረማያ ሐይቅ ከደረቀብን ወዲህ ከእናንተው ሰፈር፣ ከድሬ ጃራ ጉድጓዶች ነው ውሃ ሽቅብ የምንስበው። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፣ ሐረር 1,900 ገደማ። ያንን ሁሉ ለፍቶ የመጣ ውሃ ሰፈር ውስጥ ቧንቧ አፈንድቶ ሲፈስ፣ ሌሊት ጉድጓድ ውስጥ የምገባው እኔ ነኝ። 14 ዓመት ሆነኝ። ስለዚህ ስለ ቦቲ የማወራው አላጣም።

መጀመሪያ ይሄን ያዝ። ቦቲዎችህን የጨረሳቸው ውሃ አይደለም። ጥቁሩና አረንጓዴው የሞቱት በአንድ ናፍጣ ነው፣ አሟሟታቸው ግን ለየቅል ስለሆነ ነው ግራ የገባህ።

ጥቁሩ ፒቪሲ ነው። ፒቪሲ በተፈጥሮው ደረቅ ነው፤ እኛ የምንቀጥለውን ግራጫ ቧንቧ አስበው። ያ ነገር ቦቲ እንዲሆን ማለስለሻ ይጨመርበታል። ናፍጣ ደግሞ ያንን ማለስለሻ ቀስ እያለ መጥጦ ያወጣዋል። የድሬ ፀሐይም ታግዘዋለች። ማለስለሻው ካለቀ ቦቲው ወደ ቧንቧነቱ ይመለሳል። በሚታጠፍበት በኩል ይሰነጠቃል። አንተ ያየሃት የፀጉር መስመር እሷ ናት።

አረንጓዴው የተፈጥሮ ጎማ ነው። ለውሃ ከሱ የተሻለ የለም። ናፍጣ ሲያገኝ ግን እንደ ስፖንጅ ይጠጣዋል። ማበጡ፣ መልፈስፈሱ፣ ከዚያ መተርተሩ ለዚህ ነው። እኔ ብሆን እሱን ቦቲ ለቦዲ እጥበት ብቻ አስቀምጬው ነበር። አሁን ግን አልፏል።

የምትፈልገው ነገር ስሙ ናይትራይል ነው። ሰው ሠራሽ ጎማ ነው። ሜካኒክ ጠይቅ፣ የሞተር ዘይት እንዳያፈስ የሚዘጋው ጎማ፣ «ኦይል ሲል» የሚሉት፣ ብዙ ጊዜ ከሱ ነው የሚሠራው፤ ዘይት ውስጥ ኖሮ እንዳያብጥ ተብሎ። ቦቲው ሙሉ በሙሉ ናይትራይል አይሆንም፤ ፒቪሲና ናይትራይል የተቀላቀለበት አለ። ፖሊዩሬቴን የሚባል ቀለል ያለ ቦቲም አለ፣ ዘይት ይችላል፣ ዋጋው ግን ኪስ ይጎዳል።

አሁን ደግሞ እኔ የተሸወድኩባትን ልንገርህ። "ሴፍቲ ጫማ ነው፣ ኤስ 3 ነው፣ ውሃ አያስገባም" ብለው የቆዳ ሸጡልኝ። ብረት ጣት ያለው፣ የሚያምር ጫማ። ሰንጋ በር አካባቢ ጉድጓድ ገባሁ። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ደረቅ ነበርኩ፣ ለረዳቴ ጉራዬን ነዛሁበት። በሰዓቱ ካልሲዬ ቀዘቀዘ። በሁለት ሰዓት ጫማው ውስጥ ዓሣ ማርባት ይቻል ነበር። ኤስ 3 ማለት ቆዳው ውሃን ለተወሰነ ጊዜ ይቋቋማል ማለት ነው እንጂ ውሃ ውስጥ ቁም ማለት አይደለም። አንተ ኤስ 4 ወይም ኤስ 5 የሚል ፈልግ። እነዚህ ከላይ እስከ ታች ከጎማ ወይም ከፕላስቲክ ተቀርጸው የወጡ ናቸው፣ ስፌት የላቸውም። ኤስ 5 ሚስማር የማያስበሳ ንጣፍና ጥርስ ያለው ሶል ይጨምርልሃል። ላቫጆ ውስጥ ሚስማር ብዙም የለም፣ ጥርሱ ግን ለሳሙናው ይጠቅምሃል።

ቁጥር ላይ "አንድ ጨምረህ ግዛ" ይሉሃል። አልስማማም። አንድ ጊዜ አንድ ቁጥር ጨምሬ በገዛሁት 43 ቦቲ ጭቃ ውስጥ ገብቼ እግሬ ወጣ፣ ቦቲው እዚያው ቀረ። በካልሲ ስንገዳገድ የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ አጨበጨበ። የምትሠራበትን ወፍራም ካልሲ ይዘህ ሂድና ሱቁ ውስጥ ለብሰህ ለካ። ተረከዝህ ትንሽ ከፍ ካለ ምንም አይደል፣ ከዋኘ ግን ተወው።

ጥገናውን እርሳው። ጎሚስታ የካላማዳሪያ ልጣፍ የሚለጥፍልህ ጎማ ላይ ነው። ፒቪሲ ላይ ማስቲሽ አይቆይም፣ ማለስለሻው ወደ ማስቲሹ ይገባና ያላቅቀዋል። ጄሪካን የሚበይዱት ልጆች በጋለ ብረት ይበይዱልሃል፣ ይይዛልም፣ ግን የሚታጠፍ ቦታ ስለሆነ በጎኑ እንደገና ይሰነጠቃል። ደግሞ የፒቪሲ ጭስ አሲድ አለው። ለ850 ብር ቦቲ ሳንባህን አትስጥ።

አዲስ ስትገዛ ግን ጎሚስታ ጋ ውሰደው። ለምን እንደሆነ ስትሄድ ይገባሃል።


የቀፊራ ነጋዴ፦

እኔ ሻጭ ነኝ፣ ስለዚህ የምለውን በግማሹ እመኑ። ቀፊራ ነው ያለሁት፣ ከቅስቶቹ ብዙ አልርቅም። የሱቄን ስም አልጽፍም፣ ማስታወቂያ ይመስልብኛል።

የቧንቧው ወንድሜ ያለው ልክ ነው። አንድ ነገር ልጨምር። ሰው ቦቲ ሲገዛ የሚያየው ማብለጭለጩን ነው። እናንተ ሶሉን ገልብጡት። ብዙዎቹ ሶላቸው ሥር እንደ ሰዓት የተሠራች ትንሽ ክብ አለች። መሃሏ ላይ ዓመቱ፣ ዙሪያዋን ከ1 እስከ 12 ወሮቹ። ቀስቷ የተመረተበትን ወር ታሳያለች። በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ እንዳትደናገሩ።

እኔም ያወቅኳት ከከሰርኩ በኋላ ነው። አንድ ጊዜ ካርቶን ሙሉ ሴፍቲ ጫማ በርካሽ አነሳሁ። አዲስ፣ ወረቀቱ እንኳ ያልተፈታ። አንድ ደንበኛዬ ወስዶ በሳምንቱ ሶሉን በእጁ ይዞ መጣ። ጠረጴዛዬ ላይ ሲያስቀምጠው እንደ ደረቀ ዳቦ ፍርፍር አለ። ሠርቶበት አይደለም፣ ጫማው ከነካርቶኑ አርጅቶ ነው። ፖሊዩሬቴን ሶል ዓመታት ሲቀመጥ የአየሩ እርጥበት ብቻ ይበቃዋል። ቀስቷን ባያት ኖሮ አላነሳውም ነበር። ገንዘቡን መለስኩለት። የቀሩትን ምን እንዳደረግኳቸው አትጠይቁኝ።

ስለ ጓንት። እዚህ ላይ ነው ሁሉም ሰው የሚሳሳተው። ገበያው የሞላው መዳፉ ብቻ ጎማ የተነከረ ጓንት ነው። ጀርባው ክር ነው። ለብሎኬት፣ ለብረት፣ ለጫኝና አውራጅ ጥሩ ነው። ውሃ ውስጥ ግን እጅህን እስከ አንጓህ ስትነክር በጀርባው ሰተት ብሎ ይገባል። ከዚያ ሰው መጥቶ "የሸጥሽልኝ ጓንት ያፈሳል" ይለኛል። ጓንቱ አያፈስም፣ ግማሹ ጓንት ነው እንጂ።

ላቫጆ ከሆንክ ሙሉውን ናይትራይል የሆነ፣ ረጅም፣ ወደ ክርን የሚጠጋ ውሰድ። ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ነው፣ ግን በቀለም አትሂድ፣ ሌላም አረንጓዴ አለ። ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር የማይሞላ ካገኘህ ቃታውን ይሰማሃል። ውስጡ ገበር ያለው ይሞቃል፤ ለሐረር እንጂ ለድሬ አልመክርም። ከሥር ስስ የጥጥ ጓንት ብትለብስበት ይሻልሃል፣ አውልቀህ ታጥበዋለህ።

አንዲት የሴት ዘዴ ልንገርህ። የመኪና ጣሪያ ስታጥብ እጅህ ወደ ላይ ነው። ውሃው በጓንቱ ላይ ቁልቁል ይወርድና በክንድህ በኩል እጅጌህ ውስጥ ይገባል። የጓንቱን አፍ ሦስት ጣት ያህል ወደ ውጭ እጠፈው። ውሃው እጥፉ ውስጥ ይጠራቀማል፣ አንተ ታራግፈዋለህ። እናቴ ዕቃ ስታጥብ እንደዚያ ነበር የምታደርገው።

ጠዋት ኑ። ከ6 ሰዓት በኋላ መጥታችሁ በር የምታንኳኩ ሰዎች አላችሁ፣ እኛም ሰው ነን። ብቻህን ደግሞ አትምጣ። አምስት ስድስት ሆናችሁ ከመጣችሁ ዋጋ ላይ እንነጋገራለን።


የባጃጅ ሹፌር፦

ይቅርታ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ያንን ናፍጣ ካጠባችሁበት በኋላ ወዴት ነው የምትለቁት?


የሳቢያኑ ላቫጆ፦

አውቅ ነበር ይሄ እንደሚመጣ። ጉድጓድ አለን፣ ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል፣ በጣሳ እንቀዳዋለን። ጉድጓዱ ሲሞላ ምን እንደሚሆን አሠሪዬን ጠይቀው። በነገራችን ላይ አንተም ባለፈው ሳምንት የባጃጅህን ሞተር ያሳጠብከው እኛ ጋ ይመስለኛል።


ነርስ ነኝ፦

ስለ ቦቲ የማውቀው የለም፣ ስለ እግርህ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

ሳላይህ እርግጠኛ መሆን አልችልም። ነጭ ሆኖ መላጥ፣ ማሳከክና ሽታ፣ ያውም በትንሿ ጣት መሃል፣ አብዛኛውን ጊዜ ፈንገስ ነው። ፈንገስ ሙቀትና እርጥበት ይወዳል፤ አንተ ደግሞ ሁለቱንም በፌስታል ጠቅልለህ ሰጠኸው። ማታ እግርህን ታጠብና የጣቶችህን መሃል አንድ በአንድ አድርቅ። ፎጣ ካልገባ በጨርቅ። ፋርማሲ ክሎትሪማዞል የሚባል ቅባት አለ። ሰዎች የሚሳሳቱት ማሳከኩ ሲቆም ቅባቱን ማቆማቸው ነው። ቆዳው ደህና ከመሰለ በኋላም ሁለት ሳምንት ቀጥልበት። ካልተሻለህ፣ ካበጠ ወይም መግል ካየህ ጤና ጣቢያ ሂድ። ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ ገና ሲጀምረው ይምጣ።

ቦቲ ሁለት ጥንድ ቢኖርህ ጥሩ ነበር፣ አንዱ ሲያድር ሌላው ይደርቃል። ካልቻልክ ቢያንስ ካልሲ ሦስት ይኑርህ፣ አንዱን በ6 ሰዓት ቀይር። የቦቲውን የውስጥ ሶል ማታ አውጣው። ጋዜጣ ጠቅጥቀህበት ጥላ ላይ አስቀምጥ እንጂ ፀሐይ ላይ አትገልብጠው።

እጅህ የሚሰነጣጠቀው ማታ በናፍጣ ስለምትታጠበው እንዳይሆን? ላቫጆና ጋራዥ ያላችሁ ሁሉ እጃችሁን ከግሪስ በናፍጣ ነው የምታጸዱት። ናፍጣው ግሪሱን ብቻ አይወስድም፣ የቆዳህንም ቅባት ይዞ ይሄዳል። በሳሙናና በዘይት አሽተህ ልቀቀው፣ ከዚያ ቫዝሊን ተቀባ። ቫዝሊኑ ግን ማታ ነው። ቫዝሊን ተቀብተህ ላቴክስ ጓንት ብትለብስ ጓንቱ ይበላል። ያቺ ቢጫ ጓንትህ በሳምንት የምትቀደደው አንዱ ምክንያት እሱ ሊሆን ይችላል።

የመጨረሻው ዋናው ነው። የግፊት መርጫውን ወደ እጅህ አታዙር፣ ጓንት ለብሰህም ቢሆን። ያ ውሃ ቆዳ በስቶ ይገባል። ከውጭ የመርፌ ቀዳዳ ነው የሚመስለው፣ ብዙም አያምም፣ ሰው ፕላስተር ለጥፎ ሥራውን ይቀጥላል። ውስጥ ለውስጥ ግን ሥጋውን ሰንጥቆት ነው የሚሄደው። ናፍጣ ካለበት ደግሞ ይብሳል። እንዲህ ከሆነ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው።


የድሮ ዘበኛ፦

ልጄ፣ እኛ በጊዜያችን ከስክስ ነበር። ሰምና የበግ ሞራ አንድ ላይ አቅልጠን፣ ሞቅ እያለ ስፌቱን እናሸው ነበር። ዝናብ ሌሊቱን ሲወርድ ያድራል፣ እግሬ አይረጥብም። ላንተ ሥራ ግን አይሆንም። ውሃ ውስጥ የሚቆም ቆዳ ይበሰብሳል፣ ሰሙንም ሳሙናው ያጥበዋል።

የቦቲ ነገር ሲነሳ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በ1998 ክረምት ደቻቱ ሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ሲጨርስ እዚሁ ድሬ ዘብ ነበርኩ። የለበስኩት እንዳንተው ያለ የጎማ ቦቲ ነበር፣ እስከ ጉልበት። ውሃው ጉልበቴን ሲያልፍ በላይ በኩል ገባና ሞላው። እግሬን ሳነሳ ድንጋይ የታሰረበት መሰለኝ። ግንብ ይዤ አንዱን አወለቅሁት፣ ሁለተኛውን ራሱ ወሰደው። ቦቲ እስከ አፉ ድረስ ነው ቦቲ። ደጋው ላይ ደመና ስታይ፣ ድሬ ፀሐይ ቢሆንም፣ ቦቲ ለብሰህ የደቻቱ አሸዋ ውስጥ አትግባ።


የሐረሩ ቧንቧ ሠራተኛ፦

ጋሼ እውነታቸውን ነው። ጉድጓድ ውስጥም ያው ነው። ከአፉ በላይ ውሃ ካለ እኔ ቦቲዬን አውልቄ ነው የምገባው።


የሳቢያኑ ላቫጆ፦

ተመልሻለሁ። ሦስት ሳምንት ሆነኝ።

ስድስት ሆነን ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ቀፊራ ገባን። ሁላችንም የሥራ ካልሲያችንን በኪሳችን ይዘናል። ሰዉ ሌላ ነገር ሳይጠረጥረን አልቀረም። አራት ሱቅ አዳረስን። አንዱ ጋ ሶሉን ገልብጬ ቀስቷን ሳይ ሻጩ "ምን ፈለግህ?" አለኝ። "ልደቱን" አልኩት። ሰባት ዓመቱ ነበር። መልሼ አስቀመጥኩለት።

በመጨረሻ አንዲት ሴት ሱቅ ውስጥ ነጭ ቦቲ፣ ሶሉ ግራጫ፣ ውስጡ ኤስ 4 የሚል አገኘን። ካርቶኑ ላይ ናይትራይል የሚል አለ። "የሥጋ ቤት ሰዎች ናቸው የሚወስዱት" አለችን። 1,900 ጠራች፣ ስድስት ጥንድ ስለሆነ በ1,650 ተስማማን። እውነቱን ለመናገር ነጭ ቦቲ ለብሶ ሲኖትራክ ማጠብ ያሳፍራል። የመጀመሪያው ቀን "ዶክተር" አሉኝ። እስካሁን ዶክተር ነኝ።

ጎሚስታው ጋ ያልከኝን አደረግኩ፣ የቧንቧው። የቦቲውን አፍ እንደ ጆንያ ጠቅልሎ ያዘውና አየሩ ውስጡ እንዲቀር አደረገ። ከዚያ ካላማዳሪያ የሚፈትሽበት ግማሽ በርሜል ውስጥ ደፈቀው። ቀኙ ምንም የለም። ግራውን ሲደፍቀው ዝም አለ፣ ዝም አለ፣ ከዚያ ሶሉና ገላው ከተገናኙበት፣ ተረከዙ ጋ፣ የጤፍ ፍሬ የምታክል አረፋ ብቅ አለች። ተከትላት ሌላ። ጎሚስታው ሳቀና "ለካ አዲስ ጎማም ይፈነዳል" አለኝ። እኔ አልሳቅኩም። ያንኑ ዕለት ከ10 ሰዓት በኋላ፣ ሱቅ ሲከፈት፣ ተመለስኩ። ሴትዮዋ አንድ ቃል ሳትናገር ቀየረችልኝ። የተቀየረውንም በርሜል ውስጥ ደፈቅነው። ደረቅ።

ጓንቱ ረጅም አረንጓዴ ነው። ቃታው ይሰማኛል። አፉን ወደ ውጭ አጥፌ ነው የምሠራው፣ ልጆቹ ሁሉ ለመዱት። መጀመሪያ ሳምንት ላይ እጄን በናፍጣ መታጠብ መተው ነው የከበደኝ፣ ልማድ ነው። አሁን የምግብ ዘይት በጠርሙስ ይዤ እመጣለሁ። አሠሪዬ "ሰላጣ ልትሠራ ነው?" አለኝ።

የነርሷን ቅባት እየተቀባሁ ነው። ማሳከኩ በአምስተኛው ቀን ቆሟል። አላቆምኩም።

ሙቀቱ ግን ያው ሙቀት ነው። በ6 ሰዓት ቦቲውን ሳወልቅ እንፋሎት ነው የሚወጣው። ካልሲ ኒሙ ላይ ሰቅዬ እተኛለሁ። ደግሞ የድሬ ውሃ ስንት ኖራ እንዳለው ያወቅኩት አሁን ነው፣ ነጩ ቦቲ በደረቀ ቁጥር ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል።

አንድ ነገር ግን፣ ቀፊራዋ፣ ያቺ የቀየረችልኝ ሴት አንቺ ነሽ እንዴ?


የቀፊራ ነጋዴ፦

ቦቲ በርሜል ውስጥ የሚደፍቅ ደንበኛ እኔ አላውቅም። አታውቀኝም፣ አላውቅህም።


የሳቢያኑ ላቫጆ፦

ገባኝ አቦ።

ጥቁሩን ቦቲ ደግሞ አልጣልኩትም። ከስንጥቁ በታች በቢላዋ ዙሪያውን ቆረጥኩት፣ ሸበጥ ሆነ። ባለቤቴ ጠዋት ጓሮ ልብስ ስታጥብ ለብሳው አየኋት። "ሰፋኝ" አለች፣ ግን አላወለቀችውም።